«ቋሚ» የሚል ወረቀት

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ያ የሚያቃጥለው ቅባት ረዳሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን በአንድ እግር እየተጎተትሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽስ፣ ሳሉ ለቀቀው? ልጆችሽ፣ ያቺ ጥርስ ያበቀለችው የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ሲነጋ እንነሣለን ማለቴ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ልነግርሽ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ስልክሽን ካላነሣሁ አምስት ወር አለፈ። በየእሑዱ ይጮኻል፤ ስምሽን አየዋለሁ፤ ጮኾ ጮኾ ዝም ይላል። ተቀይማኛለች ብለሽ ለአክስታችን እንደነገርሽም ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩሽም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ጠጉሬን አበጥረሽ፣ አፍንጫዬን ጠርገሽ ትምህርት ቤት የምትሸኚኝ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺን የሚቀየም ልብ ከየት አመጣለሁ? ነገሩ ሌላ ነው። መጨረሻ ባወራን ቀን ስለ ማጠቢያ ማሽኑ ሰምተሽ «አንቺ እኮ ጀግና ነሽ፤ ብቻሽን ከባንክ ተሟግተሽ ብድር ያወጣሽ፣ ለሰው ሁሉ ነው የማወራልሽ» አልሽኝ። አመስግኜሽ ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ምን በልቼ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። በደብዳቤ ያደረግኩት እንዳታቋርጪኝ ነው። በስልክ ቢሆን «ተይ እንጂ፣ ለልጅሽ ብለሽ አይደል» እያልሽ ታጽናኚኛለሽ። መጽናናት አልፈለግኩም።

እጄን ታውቂዋለሽ። ሃያ ዓመት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ያጠበ እጅ ነው። በረኪናው ቆዳዬን ልጦ ልጦ፣ ብርድ ሲመጣ የጣቶቼ መገጣጠሚያ እየተሰነጠቀ ይደማና ያጠብኩትን መልሶ ያቆሽሽብኛል። የሰው እድፍ አያጸይፈኝም። አንሶላ ላይ የማላውቀው ነገር የለም፤ ላብ አለ፣ ደም አለ፣ የሰካራም ትውከት አለ። ሁሉም በሙቅ ውሃ ይለቃል።

ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሠላሳ አልጋ ያለው ክሊኒክ ተከፈተ። አስተዳዳሪዋ ስለ ሥራዬ ሰምታ አስጠራችኝና፣ አንሶላውን በሙሉ ለእኔ መስጠት እንደምትፈልግ፣ ነገር ግን የበሽተኛ አንሶላ በእጅ እንዲታጠብ እንደማይፈቀድላት፣ ውሃ የሚያፈላ ትልቅ ማሽን ካለኝ ውል እንደምትፈርም ነገረችኝ። ሁለት ወር እጠብቅሻለሁ አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ አጠረኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም።

ባንክ የሄድኩት በማግሥቱ ነው። ተራ ቁጥር ይዤ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረበት ጠረጴዛ ላይ ቅጹን ሞልቼ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ካልኩ በኋላ ጠሩኝ። ብድር የሚያየው ልጅ ወጣት ነው። ሰማያዊ ከረባት አሥሯል፤ ስሙን ስላልነገረኝ ባለ ከረባቱ እያልኩ ነው የምጠራው። ትሕትናው የሚያስቀና ነው። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፣ «እናቴ» አለኝ፣ ገቢዬን ጠየቀኝ። የልጅሽን ወረቀት አወጣሁለት። ልጅሽ፣ እኔ ልውለዳት እንጂ ያንቺ እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን፣ ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ መንግሥት በየወሩ ድጎማ ይሰጣታል። አስታማሚዋ ስለሆንኩ የሚገባው በእኔ ስም ነው።

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ገቢ አይደለም፤ ድጎማ ነው» አለኝ። ልዩነቱ ምንድነው አልኩት። ገቢ ማለት ሰው ሠርቶ የሚያገኘው ነው አለኝ። እኔም እሠራለሁ፣ ከንጋት ጀምሮ አንሶላ ሳጥብ ነው የምውለው አልኩት። ደረሰኝ አለዎት ወይ አለኝ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ከቦርሳዋ አውጥታ በእጄ ነው የምታስጨብጠኝ፤ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? እንግዲህ አስቢው። የሠራሁበት ደረሰኝ ስለሌለው ገቢ አይደለም፤ ወረቀት ያለው ደግሞ ስላልሠራሁበት ገቢ አይደለም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። አምና የኪራይ ቅናሽ ልጠይቅ የቤቶች ቢሮ ሄጄ ያችው ወረቀት ምን እንዳደረገችኝ ታስታውሻለሽ? እዚያ ያለችው ሴትዮ «ድጎማሽ ገቢ ነው፤ ሲደመር ከመጠኑ አልፈሻል» ብላ ነው የመለሰችኝ። ይህንኑ ለባለ ከረባቱ ነገርኩት። እኔ የሌሊት ወፍ ነኝ ወይ አልኩት፤ ወፎች ዘንድ ስሄድ ጥርስ አለሽ እባላለሁ፣ አይጦች ዘንድ ስሄድ ክንፍ አለሽ እባላለሁ። ሳቀና፣ የቤቶች ቢሮ የሚለውን እኛ አናውቅም አለኝ። ወይ ደመወዝተኛ ዋስ ያምጡ አለኝ። አንቺን እንዳላስቸግርሽ ባለቤትሽ ጡረታ ላይ ነው፤ ጡረታም ዋስ አይሆንም አሉኝ። የእንግዳ ማረፊያዋን ባለቤት ለመንኳት። ሃያ ዓመት አልጋዋን ነጭ ያደረግኩላት ሴት «እኔ ለእህቴም አልፈርም» ብላ የቆሸሸውን ክምር በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ሁለተኛ ቀን ተመልሼ ሄጄ ስለማመጥ ባለ ከረባቱ አዘነልኝ መሰለኝ ኃላፊዋን ጠራት። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደርባባ ሴት ናት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ድጎማም ቢሆን ብድሩ እስኪያልቅ እንደማይቋረጥ ማስረጃ ካለው እንደ ገቢ ይያዛል አለችኝ። ብድሩ አራት ዓመት ነው። የልጅሽ ወረቀት ግን «በየሁለት ዓመቱ የሚታይ» ይላል። ኃላፊዋ ያችን መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካካች «ብትድንስ?» አለችኝ። ልጅቷ ብትድን ድጎማው ይቆማል፣ ያኔ ማን ይከፍላል አለችኝ።

ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። የሚያንገፈግፈኝም ይኼው ነው። ዝናብ ቢዘንብስ እንደሚል ሰው ነው ያለችው። የእኔ ልጅ መዳን እነሱ ዘንድ ስጋት ነው፤ ከእሳትና ከጎርፍ ተርታ የሚጻፍ ስጋት። እኔስ ምን አልኩ? «አትድንም» አልኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቸኩዬ፣ ከአፏ ቀምቼ። አትድንም፣ ሐኪሞቹም ያውቃሉ አልኩ። እንግዲያው ድጎማው «ቋሚ» ነው የሚል ወረቀት ያምጡ አሉኝ።

መቆም ለማትችል ልጅ «ቋሚ» የሚል ወረቀት ፍለጋ ወጣሁልሽ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ነው። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ የያዟት እሳቸው ናቸው፤ ልትጠይቂያት በመጣሽ ጊዜ አይተሻቸዋል፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው። የምፈልገውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። አርባ ዓመት ስሠራ አትድንም ብዬ ጽፌ አላውቅም አሉኝ። ከዚያ «ለመሆኑ ልጅሽ እስካሁን አልነገረችሽም?» አሉኝ። ምኑን አልኳቸው። የግራ እግሯ አውራ ጣት መነቃነቅ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አሉኝ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ሴትዮ ጠርታቸው በዓይናቸው አይተዋል። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ የሚያውቀው ጊዜ ነው አሉኝ። ልጅሽ ግን እግሬን ሙሉ በሙሉ እስካነሣ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ፣ ላስደንቃት ነው ብላ አስምላቸው ኖሯል፤ መሐላቸውን ያፈረሱት የእኔን ጥያቄ ሰምተው ነው።

እታለም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ የለመንኩት ያችን ጣት ነው። ተነቃነቀች ስባል ግን መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ደስታ አይደለም። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ፊት ነው የመጣው፤ ሠላሳው አልጋ ነው። ምነው ሁለት ወር እንኳ ብትታገሥ ነው ያልኩት በሆዴ። የልጄን ጣት እንደ መርዶ ሰማሁት። ሽማግሌው ያዩኝ ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም፤ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣ እኔ አልጽፍም፣ ከፈለግሽ የሐኪሞች ቦርድ አለ፣ እዚያ ሂጂ አሉኝ። ደህና ዋይ እንኳ አላሉኝም።

ማመልከቻዬን አስገባሁ። እስክንቀጠር አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በነዚያ ቀናት ልጅሽ እንደ ወትሮዋ ናት፤ ታፌዛለች፣ ጎረቤቱን ሁሉ እያስመሰለች ታስቀኛለች፣ አንሶላው ላይ ምልክት ትሰፋልኛለች። አንዳንዴ ስገባ ብርድ ልብሷን ቶሎ ብላ እግሯ ላይ ትጥላለች። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደማላውቅ እሆናለሁ። እሷ ደስታ ትደብቀኛለች፣ እኔ ምን እንደምደብቃት አንቺው ሰይሚው።

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ካልሲዋን ሳጠልቅላት፣ ቀና ብዬ ሳላያት፣ ዛሬ ሐኪሞቹ ፊት እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ አልኳት። «ነገሩሽ እንዴ?» አለችኝ። ነገሩኝ አልኳት። እንግዲህ ያቺ ነበረች የምሥራቿ ሰዓት፤ ስንት ቀን ስታስባት የኖረች። «ደስ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ «ተነሺ፣ ታክሲው መጥቷል» አልኳት። ተነሺ ነው ያልኳት፤ ልብ በይ።

ሦስት ሐኪሞች ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። አንዱ በስልክ ስለ መኪና ጎማ ይከራከራል። አንዷ ብስኩት እየበላች ፋይሉን ታገላብጣለች፤ ፍርፋሪው የልጅሽ ራጅ ላይ ይራገፋል። ሦስተኛው ተነሥቶ መርፌ አወጣና ውስጥ እግሯን ይወጋጋ ጀመር። ተረከዟን፣ መሐሉን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ይሰማሻል ይላታል፤ አይሰማኝም ትላለች። ዓይኗን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ተክላለች። እኔ አጠገቧ ስለሆንኩ ሻርፗ ሥር ያለው እጇ ይታየኛል። የዊልቸሯን ብረት ጨብጣ የጥፍሯ ሥር ነጭ ሆኗል። ሐኪሙ አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ ጠለቅ አድርጎ ወጋት። የደም ነጥብ ወጣች። «ይሄስ?» አላት። «ምንም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ያቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታኝ አታውቅም። መዋሸትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ያውም በገዛ ሥጋዋ።

ሐኪሙ ደሙን በጥጥ ጠርጎ ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ብስኩት የምትበላዋ እጇን አራግፋ ማኅተሙን መታች። «ቋሚ።» አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ «እማ፣ አየሽ አይደል፣ ሳልቆም ቋሚ ሆንኩልሽ» አለችኝ። ባለ ታክሲው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳቄ ዛሬም አፍራለሁ።

ወረቀቱን ባንክ ይዤ ስሄድ ባለ ከረባቱ አነበበውና ፊቱ በራ። ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ አለዎት እናቴ» አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ የሚባለው ለወለደ ነው፣ ለዳረ ነው፣ ከበሽታ ለተነሣ ነው። ልጅሽ አትነሣም ተብሎ እንኳን ደስ አለሽ የተባለች ሴት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የባሰው ግን የእኔ መልስ ነው። አፌ እንደለመደው «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩት። ስወጣ ዘወር ብዬ አየሁት፤ የጨበጠኝን እጁን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። ስንጥቃቴ ደምቶበት ይሆናል።

ማሽኑ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲገባ የበሩ መቃን ተላጠ። ክሊኒኩ ፈረመ። ውሃው እየፈላ አንሶላው ሲሽከረከር እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በሁለት ወር ውስጥ የእጄ ስንጥቅ ሁሉ ድኖ ቆዳዬ እንደ ሙሽራ ለሰለሰ። ከዚህ ቤት የዳነው የእኔ እጅ ብቻ ነው።

ልጅሽ ፊዚዮቴራፒውን ተወችው። ሴትዮዋ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፤ ልጅሽ ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ዛሬ ደክሞኛል እያለች ትመልሳታለች። ማፌዟንም ተወች። አንድ ቀን ሴትዮዋ በር ላይ ይዛ አፋጠጠችኝ። ያችን ጣት ለማንቀሳቀስ ፎጣ ነክሳ በላብ የምትጠመቅ ልጅ እንዴት ባንዴ እርግፍ አድርጋ ትተዋለች፣ ምን ሆናችሁ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አንቺ ደውለሽ ጀግና ያልሽኝ ያን ሰሞን ነው።

ያን ቀን ካስመለሰኝ በኋላ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ልጅሽ መስኮቱ ሥር የክሊኒኩን ጋዋን ቁልፍ እየተከለች ነበር። ለምንድነው የተውሽው አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና ሳትል «ብነሣ ማሽኑን ይወስዱታል አይደል? አራት ዓመት እኮ ነው እማ፣ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ እሞክራለሁ» አለችኝ።

እየቀለደች አይደለም፤ ተማርራም አይደለም። አስባ፣ ወስና፣ የጨረሰችው ነገር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ። እኔ ለማሽኑ መያዣ የለኝም ብዬ ስጨነቅ፣ እሷ እግሯን መያዣ አድርጋልኝ ተቀምጣለች።

ማሽኑ እየዞረ ነበር። ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩት። አንሶላው አረፋ ውስጥ እንደተነከረ ትቼው ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መርፌውን፣ ደሙን፣ ተነሺ ያልኳትን። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያዩትን፣ ያዩበትን ቀን፣ የትኛው ጣት እንደሆነ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጽፈው ሰጡኝና «ጡንቻ አራት ዓመት አይጠብቅም» ብቻ አሉኝ።

በነጋታው ያንን ይዤ ድጎማ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከለከሉኝ ለሚል ሦስተኛ መስኮት አለ፣ ቀነሱብኝ ለሚል አራተኛ መስኮት አለ፣ ልጄ እየተሻላት ነው ለሚል ግን መስኮት የለንም አለችኝ። ጓደኞቿን ጠራች፤ መጥተው እንደ ብርቅ ነገር አዩኝ። አንደኛው ጠጋ ብሎ፣ እናቴ፣ ዝም ብለው አይበሉም እንዴ፣ ማን ይጠይቅዎታል አለኝ። የመከረኝ ለደግነት ነው። በመጨረሻ «ቋሚ» የሚለውን ሰርዘው እንደ ድሮው በየሁለት ዓመቱ የሚታይ አደረጉት። ቦርዱ ፊት ያደረግኩትን ልናገር አፌን ስከፍት ባለ ተራ ተጠራ።

ከዚያ ባንክ። ማሽኑን ከወሰዱትም ይውሰዱት ብዬ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ባለ ከረባቱ አላስታወሰኝም። ስሜን ነግሬው፣ ፋይሌን ፈልጎ ካገኘ በኋላ «እ፣ አንሶላ የሚያጥቡት» አለኝ። አዲሱን ወረቀት ሰጠሁት። ይሄን ለምን አመጡት አለኝ። ገቢዬ እንደተለወጠ፣ ልጄ ልትድን እንደምትችል ነገርኩት። ፈገግ ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ብድር አንዴ ከወጣ በኋላ ገቢውን ማንም አያየውም፣ በየወሩ ይክፈሉ እንጂ ከየትም ያምጡት አለኝ። እንግዲያው ያኔ ለምን ጠየቃችሁኝ አልኩት። «ፋይሉ መሙላት ስላለበት ነዋ» አለኝ። ከዚያ ለጨዋታ ያህል «ልጅቷ ግን ምኗን ነበር ያመማት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ምራቄን ተፋሁ፤ ጥበቃው ገላመጠኝ።

እነሱን መጸየፍ ቀላል ነው እታለም። በነሱ ጉዳይ ልቤ ሙሉ ነው። ብስኩቷን፣ መሐረቡን፣ ያችን በሰንሰለት የተንጠለጠለች መነጽር ባሰብኩ ቁጥር ምግብ ከአፌ ይመለሳል። ነገር ግን እነሱ የጠየቁኝ ወረቀት ነው። ደሟ ሲወጣ አጠገቧ ሆኜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። የማንም እድፍ ሲያቅተኝ አላየሁም፤ የራሴ ግን በምን እንደሚለቅ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን የሚወስደው እንደሌለ፣ ድሮም እንዳልነበረ፣ ያንን መርፌ የተወጋችው ፋይል እንዲሞላ ብቻ እንደሆነ። የያዘችውን ቁልፍ ተክላ ጨረሰች። ከዚያ «ለሴትዮዋ ደውዪላት» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሰምቻለሁ» ነው ያለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም። ደግ አደረገች።

አሁን የፊዚዮቴራፒዋ ሴትዮ በሳምንት አራት ቀን ትመጣለች፤ ከክሊኒኩ በማገኘው እከፍላታለሁ። ሲገቡ በሩን ይዘጉታል። እንዲዘጋ ያለችው ልጅሽ ናት። እኔ ማሽኑን አጥፍቼ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። ስትቆጥር ይሰማኛል። መጀመሪያ አካባቢ ሦስት ስትል ነበር የምታቆመው፤ ባለፈው ሳምንት ሃያ ስትል ሰማሁ። ሃያው ምን እንደሆነ አላውቅም። አልጠይቃትም። የምሥራቿን አንዴ ቀምቻታለሁ፣ ሁለተኛ አልቀማትም።

እንግዲህ ጀግና ብለሽ ላወራሽላቸው ሰዎች ምን እንደምትያቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ዝም ብትያቸውም ግድ የለኝም። እኔን ግን ዳግመኛ በዚያ ስም አትጥሪኝ። ከእንግዲህ ስትደውዪ አነሣለሁ። ልትቆጪኝ ከፈለግሽ ቁጣሽን እስከ እሑድ አቆዪልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ልጅሽ ከኋላዬ መጥታ ለማን ነው አለችኝ። ስትመጣ የዊልቸሩን ድምፅ አልሰማሁም፤ ማሽኑ ይጮኽ ስለነበር ይሆናል። ዞር ብዬም አላየኋት። ላንቺ እንደሆነ ስነግራት መልእክት አለኝ አለች። ጫማ እንድትገዢላት ትፈልጋለች። ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት ነው። ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን ብላለች። ቀለሙን አንቺ ምረጪላት። ተረከዙ ግን ዝቅ ያለ ይሁንልኝ፣ ለጊዜው በይልኝ አለችኝ። «ለጊዜው» የሚለውን መጻፌን ትከሻዬን ይዛ፣ ከላይ ጎንበስ ብላ አይታ ነው የሄደችው።

አንቺን እናት አድርጎ የሰጠኝ አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ደጅሽ በሰው አይጉደል፣ የወለድሽው ይባረክልሽ። ባለቤትሽን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ሁሉንም በየስማቸው ሳሚልኝ።

ጠጉሯን ያበጠርሽላት፣
ታናሽ እህትሽ